ማታ ማታ የሚጠፋው የበር ካሜራ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ሥራዬ አዲስ አበባ ነው። እናቴ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። የዛሬ ዓመት ግቢው በር ላይ አንድ የዋይፋይ ካሜራ አሰቀልኩላት። ደህና ሲሠራ ቆይቶ ካለፈው ወር ጀምሮ አመል አወጣ። ቀን ይሠራል። ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ‹ኦፍላይን› ይልና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመለሳል። ራውተሩን አጥፍተን አበራን፣ ለውጥ የለም። የሰፈር ልጅ አውርዶ ሪሴት አደረገው። ሳሎን ውስጥ ራውተሩ አጠገብ ሁለት ቀን ሌሊቱንም ጨምሮ ሠራ። በሩ ላይ መልሰን ስንሰቅለው ያው ሆነ። አንድ ባለሙያ አይቶት ‹ካሜራው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ› አለኝ። ልግዛ ወይ?»

አትግዛ። ቢያንስ ሁለት ምሽት ታገሥ።

ወንድሜ፣ መልሱን ግማሽ መንገድ ድረስ ራስህ ይዘኸው መጥተሃል። ሰዓቱን ጻፍክልኝ። የሞተ ካሜራ እንዲህ ሰዓት አክብሮ አይሞትም፤ ጠዋትም አይነሣም። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሌሊት ሳይጠፋ ማደሩንም ጻፍክ። ካሜራው ያው፣ ራውተሩ ያው፣ ጨለማውም ያው። የተለወጠው የተሰቀለበት ቦታ ብቻ ነው። ቦታ ሲለወጥ ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ይለወጣል፤ ኃይል የሚያደርሰው ገመድና የዋይፋዩ ርቀት። ጥፋተኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። እኔ ገመዱን እጠረጥራለሁ። ማረጋገጫውን የምታመጡት ግን አንተና እናትህ ናችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «ኦፍላይን» የሚለው ቃል ብዙ አይነግርህም። አፑ የሚለው «ጠራሁት፣ አልመለሰም» ነው። ካሜራው ኃይል አጥቶ ይሁን፣ ከራውተሩ ተቆራርጦ፣ ቤቱ ኢንተርኔት አጥቶ ወይም የካሜራው ኩባንያ ሰርቨር ተኝቶ፣ አይለይም። አራቱም ስልክህ ላይ የሚታዩት በአንድ ዓይነት ስክሪን ነው። ስክሪኑ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው መድኃኒቱም አንድ ይመስለዋል፤ ሪሴት። ሪሴት ግን ለካሜራ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሕክምና አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ከአዲስ አበባ ሳትነሣ የምትሠራው ሥራ አለ። ካሜራው ሜሞሪ ካርድ ካለው፣ ነገ ጠዋት እንደተመለሰ አፑን ክፈትና ወደ ቀረጻው ግባ። ያለፈውን ሌሊት ፈልግ። አፑ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚያስብ 19:00 ላይ ነው የምታገኘው። የሚቀረጸው ያለማቋረጥ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሌሊቱ ካርዱ ላይ ካለ ካሜራው ነቅቶ ነበር ማለት ነው። ዓይኑ ይሠራል፣ ኃይል አለው፣ የጎደለው ዋይፋዩ ወይም ኢንተርኔቱ ብቻ ነው። ቀረጻው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋት ባዶ ከሆነ፣ ወይም እንደ ተበጫጨቀ ጨርቅ አሥር አሥር ሰኮንድ እየሆነ ከተቆራረጠ፣ ካሜራው ራሱ እየጠፋ እየበራ ነው። ያኔ ራውተሩን እርሳው።

ቀረጻው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ከሆነስ? ሌላ ቦታ ቢሆን «ማንም ስላላለፈ ነው ባዶ የሆነው» ብለህ ልትከራከረኝ ትችል ነበር። ሐዋሳ ላይ ግን ይህ ክርክር ብዙም አያስኬድም። የሐይቁ ትንኝ ማታ ማታ የካሜራ መብራት ላይ እንዴት እንደሚረባረብ የምታውቅ ይመስለኛል። ትንኙ ሲመጣ ሸረሪትም ድሯን ይዛ ትከተላለች። እዚህ ከተማ ማታ የሚሠራ የበር ካሜራ በአንድ ሌሊት ብዙ የነፍሳት ፊልም ይዞ ነው የሚያድረው። አንድም ከሌለ ካሜራው አልነቃም ብዬ እገምታለሁ።

ካርድ ከሌለው ደግሞ እናትህ አሉ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውልላቸውና በመስኮት ወደ ካሜራው እንዲያዩ ጠይቃቸው። ብዙ ካሜራዎች በጨለማ ሲያዩ ከሌንሱ ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ይታያል። ቀዩ ሳይንቀሳቀስ ከበራ ጥሩ። በየግማሽ ደቂቃው ብልጭ እያለ ከጠፋ ካሜራው ለመነሣት እየሞከረ እየወደቀ ነው። ቀዩ ጨርሶ የማይታይባቸው ዓይነቶችም አሉ። ያኔ በስልክ የፊት ካሜራ ቢያዩት አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ብሎ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ካሜራው የሚዞር ዓይነት ከሆነ ግን ከዚህም የቀለለ ምልክት አለ። የሚዞር ካሜራ በተነሣ ቁጥር አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዙሮ ይፈትሻል። አንድ ደንበኛዬ እናት «ይኼ ነገር ማታ ማታ አናቱን ያዞራል፣ ሰው እየፈለገ ነው መሰል» አሉኝ። ሰው እየፈለገ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ እየሞተ እየተነሣ ነበር።

አሁን ለምን ገመዱን እንደጠረጠርኩ ልንገርህ።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ካሜራህ የሚጠፋው ሲጨልም፣ የሚመለሰው ሲነጋ ነው። ጨለማ ሲመጣ ካሜራው ውስጥ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ከሌንሱ ጀርባ ያለች ትንሽ ማጣሪያ «ቀጭ» ብላ ቦታዋን ትለቃለች። ሁለተኛ፣ በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት የኢንፍራሬድ መብራቶቹ (ብርሃናቸው ለሰው ዓይን እምብዛም አይታይም) ይበራሉ። እነዚህ መብራቶች ኃይል ይወዳሉ። ካሜራው ቀን ከሚወስደው ይልቅ ማታ የሚወስደው በጣም ይበልጣል፤ በአንዳንዱ እጥፍ ይደርሳል። አቅሙ የደከመ ቻርጀር ወይም ቀጭን ገመድ ቀኑን እንደ ምንም ይገፋዋል። መብራቶቹ ሲበሩ ግን ይንበረከካል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካሜራው ይጠፋል። ሲጠፋ ጭነቱ ይቀላል፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ካሜራው ይነሣል። ጨለማውን ያያል፣ መብራቱን ያበራል፣ ደግሞ ይወድቃል። እስኪነጋ ድረስ ይኸው ነው።

ይህን በቀን በብርሃን ማረጋገጥ ይቻላል። በጣም የምወደው ሙከራ ነው፣ ዋጋውም አንድ ጥቁር ፌስታል ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ካሜራው ደህና እየሠራ፣ የሰፈሩ ልጅ በመሰላል ወጥቶ ጭንቅላቱን በጥቁር ፌስታል ወይም በወፍራም ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው። ሌንሱን ብቻ አይደለም። ብርሃን የሚለካው ትንሽ ዓይን አንዳንዱ ካሜራ ላይ ከሌንሱ ጎን ስለሆነ ሁሉንም ይሸፍን። አንተ በዚያው ሰዓት አፑን ከፍተህ ጠብቅ። ስክሪኑ ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ ታያለህ፤ ልጁም «ቀጭ» የምትለዋን ድምፅ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ታገሡ። በዚህ መሀል ካሜራው ከጠፋና ፌስታሉ ሲነሣ ከተመለሰ ጨርሰናል። ካሜራው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፌስታል ስለለበሰ ዋይፋዩ አይረበሽም። ጉዳዩ የኃይል ነው።

የዚህኑ ግልባጭ ማታ መሞከርም ትችላለህ። በአፑ ውስጥ የማታ እይታ የሚለውን ቦታ ፈልግና ሳይመሽ ኢንፍራሬዱን አጥፋው። በሩ ላይ አምፖል ካለ እናትህ ያብሩት። በዚያ ምሽት ካሜራው ሳይጠፋ ካደረ ያው መልስ ነው። እንዲያውም ገመዱ እስኪጠገን ድረስ በዚሁ መቆየት ትችላለህ፤ ቤቱን ማየትህን ሳታቋርጥ።

እሺ፣ ኃይል ነው ብለን እንውሰድ። ቻርጀሩ ነው ወይስ ገመዱ? እዚህ ላይ አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ። ካሜራው ሳሎን ውስጥ ሁለት ሌሊት ሲሠራ በየትኛው ቻርጀር ነበር? በራሱ ቻርጀር ግን ያለ ረጅሙ ገመድ ከሆነ ቻርጀሩ ነፃ ነው፣ ገመዱ ተከሷል። ልጁ የራሱን የስልክ ቻርጀር ሰክቶለት ከሆነ ሁለቱም ተጠርጣሪ ናቸው። ደውለህ ጠይቀው።

ቻርጀሩ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለ። ስለ መውጫው በሚናገረው መስመር ላይ 5 ቮልት 2 አምፒር ወይም 12 ቮልት 1 አምፒር የሚል ታገኛለህ። ካሜራው ላይ ያለው ጽሑፍም ያንኑ ቮልት መጠየቅ አለበት። አምፒሩ ቢበልጥ ምንም አይደለም፤ ካሜራው የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ካነሰ ግን እንደምታየው ማታ ጉድ ይፈላል። ቮልቱ ግን ፈጽሞ አይበልጥ። 5 ቮልት የሚጠጣ ካሜራ ላይ «ጫፉ ገጠመ» ብለው 12 ቮልት ሰክተው ያቃጠሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያን ጊዜ ካሜራው የምር ይሞታል።

ቻርጀር ደግሞ ያረጃል። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት እየደረቁ ይሄዳሉ። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ፣ በተዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቻርጀር ቶሎ ይደክማል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚመጣው ምትም አይጠቅመውም። የሚያሳስተው ነገር የደከመ ቻርጀር ባዶውን ሲለካ ሙሉ መሆኑ ነው። ባለሙያ ይመጣል፣ ካሜራውን ይነቅላል፣ ቴስተሩን ይሰካል፣ 5.1 ያነባል። «ቻርጀሩ ደህና ነው» ይላል። ልክ ሸክም ሳያሸክሙት አህያን «በርታ» እንደማለት ነው። መለካት ያለበት ካሜራው ተሰክቶ፣ ፌስታሉን ለብሶ፣ መብራቶቹ በርተው፣ በካሜራው በኩል ባለው ጫፍ ነው። 5 ቮልቱ እዚያ ሲለካ ከ4.75 በታች መውረድ የለበትም።

አንተ ቤት የመጣው ባለሙያም እንዲህ አድርጎ ለክቶ ይሆናል። አልወቅሰውም። ብዙዎቻችን የምንመጣው ቀን ነው፤ ካሜራው የሚታመመው ማታ ነው።

ገመዱ ላይ ትንሽ ስሌት ልሥራልህ፣ ምክንያቱም ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። ቻርጀሩ ሳሎን ውስጥ ተሰክቶ እስከ በሩ 10 ሜትር ቀጭን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ተዘርግቷል እንበል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 20 ሜትር ነው። ርካሽ ማራዘሚያዎች ውስጥ ያለው 28 ቁጥር ሽቦ (ቁጥሩ ሲበዛ ሽቦው ይቀጥናል) በሜትር 0.21 ኦም ያህል ይቋቋማል። በ20 ሜትር ከ4 ኦም በላይ ሆነ። ካሜራው ማታ ግማሽ አምፒር ቢወስድ 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ5 ቮልት ተነሥቶ በሩ ላይ የሚደርሰው 3 ቮልት አይሞላም። በዚህ ካሜራ አይነሣም። በ24 ቁጥር ሽቦ ብትሠራው በዚያው ርቀት የሚጠፋው 0.8 ቮልት ገደማ ነው፤ እሱም ለ5 ቮልት ብዙ ነው። ለ12 ቮልት ካሜራ ግን ያው 0.8 ቮልት ቢጎድል ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ነው ረጅም መንገድ ላይ 12 ቮልት የሚመረጠው።

«ታዲያ ዓመት ሙሉ እንዴት ሠራ?» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ገመዱ መሀል ላይ ያለ መጋጠሚያ ነው። ሽቦው አልበቃ ሲል ይቆረጣል፣ ሌላ ይቀጠላል፣ ተጠማዝዞ በናስትሮ ይታሰራል። የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነው። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባል፣ መዳቡ ይዝጋል፣ መገናኛው እየጠበበ ይሄዳል።

ሐይቅ ዳር አካባቢ አንድ ቤት የገጠመኝ ይኸው ነበር። 12 ቮልት ካሜራ ነው፣ ማታ ይጠፋል። ቻርጀሩን ባዶውን ለካሁ፣ 12.1። ካሜራውን ሰክቼ በጃኬቴ ሸፈንኩት፣ 8.9 ወረደ። ገመዱን በእጄ እየዳሰስኩ በአጥሩ ላይ ተከተልኩት። ኮባው ሥር ስደርስ ናስትሮው እጄ ላይ ተልጦ ቀረ። ከሥሩ ያለው ሽቦ መዳብ አይመስልም፤ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከግራና ከቀኝ ቆርጬ ጣልኩ፣ ንጹሑን በካውያ በየድኩት፣ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። እንደገና ሸፍኜ ስለካ 11.6። ባለቤቱ አዲስ ካሜራ ገዝተው እቃው ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ይህንስ ምን ላድርገው?» አሉኝ። ጓሮ ሰቀልነው።

የእናትህም ከዚህ ቢመሳሰል አይገርመኝም። መፍትሔው ከቀላሉ ይጀምር። መጀመሪያ በትክክለኛው ቮልት ደህና 2 አምፒር ቻርጀር ገዝታችሁ ቀይሩና አንድ ምሽት እዩ። ካልዳነ መጋጠሚያዎቹን ፈልጉ። ካልሆነ ገመዱን በወፍራም ሽቦ ቀይሩት። ርቀቱ በጣም ረጅም ከሆነ 12 ቮልት እስከ በሩ ድረስ ወስዶ እዚያ ወደ 5 የሚያወርድ ትንሽ መቀነሻ ማስገባት ይቻላል፤ ኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ከሚሸጡ ሱቆች የሚገኝ ነገር ነው። 220 ቮልቱን ራሱን በአጥር ላይ ወደ በሩ መውሰድ ካሰባችሁ ግን በባለሙያ፣ በተከለለ ቱቦ ይሁን። ዝናብ ላይ የተከፈተ ዲቫይደር አልፈልግም።

እዚህ ላይ ሳልረሳው፤ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚለወጠው ብርሃኑ ብቻ አይደለም። እጅም አለ። አንድ ጊዜ በየምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የሚጠፋ ካሜራ ሊጠግን የሄደ ሰው ሦስት ቀን ተመላለሰ። ሰውየው እኔ ነኝ። ቻርጀሩን ቀየርኩ፣ ራውተሩን ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን አመሸሁ። የቤቱ አያት ሊተኙ ሲሉ መጡና የኮሪደሩን ማጥፊያ ቀጭ አደረጉት። ካሜራው ከኮሪደሩ መብራት ላይ ተቀጥሎ ነበር። «ለምን ሌሊቱን ሙሉ ይብራ፣ ቆጣሪ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የእናትህን ካሜራ የያዘው ሶኬት በማጥፊያ የሚታዘዝ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ። ከምጣድ ጋር አንድ መስመር ላይ መሆኑንም ጠይቅ። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ልል የሆነ ዲቫይደር ላይ ከተጣመሩ ካሜራው የሚቀረው ፍርፋሪ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ተጠርጣሪ እንሂድ። ካሜራው ፌስታሉን ለብሶ አምስት ደቂቃ ሳይጠፋ ካለፈ፣ ካርዱም ሌሊቱን ሙሉ ቀርጾ ከተገኘ፣ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ያኔ ዋይፋዩ ነው።

መጀመሪያ ካሜራው ብቻ ነው ወይስ ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት የሚያጣው? ካሜራው በጠፋበት ሰዓት እናትህ ስልካቸው ላይ ዳታውን አጥፍተው በዋይፋይ ብቻ ቴሌግራም ይክፈቱ። ዳታውን ማጥፋቱ ዋናው ነው። አለዚያ ስልኩ በጓሮ በር በዳታ ይወጣና «ይሠራል» ይሉሃል። ዋይፋዩ ካልሠራ ወደ ሳጥኑ ይሂዱ። የፋይበር መስመር ከሆነ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ ብርሃኑ በክሩ ውስጥ አልመጣም ማለት ነው። ቀጭኑ የፋይበር ገመድ ከሶፋ ጀርባ ተቆልምሞም ሊሆን ይችላል። ካልሆነ መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሎ ማስመዝገብ ነው፤ ካሜራውን መነካካት ትርፉ ድካም ነው። በሲም የሚሠራ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ፓኬጁን እዩ። ካሜራን በቀጥታ ስታይ በሰኮንድ 1 ሜጋቢት ቢልክ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይሄዳል። አዲስ አበባ ቢሮ ጥግ ላይ አፑን ከፍተህ የምትረሳው ከሆነ ፓኬጁን የጨረስከው አንተ ነህ።

ስልኩ የሚሠራ፣ ካሜራው ብቻ የማይሠራ ከሆነ የበሩ አካባቢ ምልክት ደካማ ነው። ምሽት ላይ የሚብሰው ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ሲገባ የየራሱን ዋይፋይ ስለሚጠቀም ነው። አየሩ ይጨናነቃል። ቀን በጭንቅ ይደርስ የነበረው ምልክት ማታ ጩኸት ውስጥ ይጠፋል። እናትህ ሳሎንና በሩ መካከል ምን አለ? ብሎኬት ይቀንሰዋል። ቆርቆሮ ይመልሰዋል። ውሃ የሞላ ሮቶ ይውጠዋል። የዛሬ ወር ገደማ ዝናብ ገብቶ አቮካዶው ቅጠል ካወጣ እሱም ድርሻ አለው፤ እርጥብ ቅጠል የዋይፋይን ሞገድ ይጠጣል። ካሜራው ከቆርቆሮ በር ጀርባ ከተሰቀለ ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ አንዳንዴ ይበቃዋል።

አፑ የምልክቱን መጠን በዲቢኤም ካሳየህ ከ67 ኔጌቲቭ የተሻለ ጥሩ ነው፤ 80 ኔጌቲቭ ከደረሰ ማልቀስ ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ 2.4 ጊጋኸርዙን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ቻናል አንዱ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይደራረቡም። አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። አዳዲስ ራውተሮች ሁለቱን ሞገድ፣ 2.4ንና 5 ጊጋኸርዝን፣ በአንድ ስም ይጠሩና ካሜራውን ግራ ያጋቡታል። ስሙን ለያይ። የዋይፋይ ማራዘሚያ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ካሜራው አጠገብ አትስቀለው። እዚያ የሚደርሰው ምልክት የደከመ ስለሆነ የሚያራዝመውም ድካሙን ነው። መሀል መንገድ ላይ ስቀለው። የእኔን ምርጫ ከጠየቅከኝ ግን፣ ካሜራው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው ገመድ ነው። እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ጎረቤት አይረብሸውም።

ለወደፊቱ የሚጠቅምህ አንድ ነገር። ራውተር የቀየራችሁ እንደሆነ ካሜራውን አትንኩት። አዲሱን ራውተር በድሮው ስምና በድሮው ፓስዎርድ ሰይሙት፣ አንዲት ፊደል ሳትቀይሩ። ካሜራው በአብዛኛው ራሱ ይመለሳል፣ መሰላልም አያስፈልግም። ካልተመለሰ ራውተሩ ላይ የዋይፋዩን የደኅንነት ዓይነት (ደብልዩፒኤ የሚባለውን) እዩ፤ የቆዩ ካሜራዎች ደብልዩፒኤ2ን እንጂ 3ን አያውቁም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ካሜራው ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣል። ርካሾቹ ራውተሩን ጥቂት ፈልገው ተስፋ ይቆርጣሉ። ነቅሎ፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ነው።

ሪሴቱን ልመለስበት ብዬ ነበር። ሪሴት ካሜራውን ከዋይፋዩ ያላቅቀዋል እንጂ ከተመዘገበበት አካውንት ብዙ ጊዜ አያላቅቀውም። የሰቀለልህ ሰው በራሱ ስልክ፣ በራሱ አካውንት መዝግቦት ከሆነ፣ ሪሴት አድርገህ ልታስገባው ስትሞክር «በሌላ ሰው ተመዝግቧል» ይልሃል። ሰውየው ስልክ ቀይሮ ከሆነ መከራ ነው። የአንተ አንድ ጊዜ ሪሴት ተደርጎ ስለተመለሰ እስካሁን ዕድለኛ ነህ። ግን የገባው በማን አካውንት ነው? በሰፈሩ ልጅ ስልክ ከሆነ ልጁ ጨዋ ቢሆንም የእናትህን በር ሌሊት ተቀን እያየ ነው። ካሜራው በአንተ አካውንት ይግባ፤ ለልጁ ካስፈለገ ማየት ብቻ የሚችልበትን ፈቃድ ስጠው። ከካሜራው ሥር ያለውን ተለጣፊ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ። ኮዱ እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ፀሐይና ዝናብ ደግሞ በዓመት ውስጥ ይበሉታል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ካሜራው እንደተመለሰ ካርዱን እይ፤ ወይም ዛሬ ማታ እናትህን በመስኮት አስቃኝ። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፌስታሉ። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፤ ከተሸፈነ በኋላ በስንት ሰኮንድ እንደጠፋ፣ ቻርጀሩ ላይ ያለው የቮልትና የአምፒር ጽሑፍ፣ ከሶኬቱ እስከ በሩ ስንት ሜትር እንደሆነ። ልጁ መሰላል ላይ ሳለ የሸረሪቱንም ድር በደረቅ ጨርቅ ይጥረግልህ።